ጥያቄ የጠፋበት ጠበቃ እና የ40,000 ፓውንዱ ክስ

ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ 1893። በአንድ የንግድ ድርጅት ቢሮ ውስጥ የ23 ዓመት ጠበቃ መዝገበ ቃላት ያገላብጣል። የሚፈልገው ቃል «ፒ ኖት» ይባላል። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የለም። ልጁ ለንደን ሄዶ ሕግ ያጠና፣ ፈተናውን ያለፈ፣ በጠበቆች መዝገብ ስሙ የሰፈረ ነው። የመጣበት ክስ ግን በከፊል የቆመው በዚሁ «ፒ ኖት» ላይ ሆኖ ተገኘ። አማራጭ ሲያጣ እፍረቱን ዋጥ አድርጎ ጸሐፊውን ጠየቀ። የተስፋ ሰነድ ማለት ነው። «ይህን ያህል ገንዘብ እከፍላለሁ» ብሎ ባለዕዳ ፈርሞ የሚሰጠው ወረቀት።

ጠበቃው ሞሃንዳስ ጋንዲ ነው። በኋላ ዓለም «ማሕተማ» ብሎ አንቱ ብሎታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ገና ሥራ ፈላጊ ወጣት ስለሆነ አንተ እያልኩ ብቀጥል ይቀለኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ባቡሩ ያልሰማ የለም። የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት በእጁ እያለ ፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ላይ ከነሻንጣው ተወረወረ። ያን ሌሊት ብርድ ላይ ቁጭ ብሎ አሳለፈ። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር የሚዘለል ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ወዴት ነበር የሚሄደው? ለምን ጉዳይ? ወደ ፕሪቶሪያ ነበር። የሚሄደውም ለአንድ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። የሁለት ነጋዴዎች የገንዘብ ክርክር። ይህ ጽሑፍ ስለ ባቡሩ አይደለም፤ ስለዚያ መዝገብ ነው።

መጀመሪያ ግን ሰውየው ከየት እንደመጣ።

በ1869 በምዕራብ ሕንድ፣ ፖርባንዳር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የዚያች ትንሽ ግዛት ዲዋን ነበሩ፤ የገዢው ዋና ሹም እንደማለት። አባት ሲሞቱ ቤተሰቡ ሹመቱ ከቤት እንዳይወጣ ፈለገ። አንድ የቤተሰብ ወዳጅ አማካሪ ነገሩን በስሌት አስቀመጠው። አገር ቤት ዲግሪ ለመያዝ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል፤ የሚያስገኘውም ተራ የቢሮ ሥራ ነው። ለንደን ሄዶ ባሪስተር፣ ማለትም ችሎት የሚቆም ጠበቃ፣ መሆን ግን ሦስት ዓመት። ማለትም ጋንዲ ሕግ ያጠናው ሕግ ጠርቶት አይደለም። አጭር መንገድ ስለነበር ነው። በ1888 ሲሄድ ጎሣው «ባሕር ተሻገርክ» ብሎ አወገዘው።

የለንደኑን ትምህርት ሳስብ ሁሌም ፈገግ እላለሁ። ኢነር ቴምፕል ከሚባለው የጠበቆች ማኅበር ለመመረቅ 12 ተርም (የትምህርት ወቅት) መቁጠር ያስፈልግ ነበር። ተርም የሚቆጠረው እራት በመብላት ነበር። ቀልድ አይደለም። በአንድ ተርም ከሚዘጋጁት 24 ያህል እራቶች ቢያንስ ስድስቱ ላይ መገኘት ግዴታ ነበር። ጋንዲ ሥጋና መጠጥ ላይነካ ለእናቱ ምሎ የሄደ ስለሆነ ከገበታው የሚደርሰው ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና ጎመን ነው። ወይኑን ስለማይጠጣ ግን አብሮ ለመቀመጥ ተፈላጊ ነበር። ለአራት ሰው ሁለት ጠርሙስ ይቀርባል፤ እሱ ካለ የእሱ ድርሻ ለሦስቱ ይተርፋል።

ፈተናውን ግን በደንብ ሠራ። ሌሎች በአጭር ማስታወሻ ሲያልፉ እሱ መጻሕፍቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበ፤ የሮማን ሕግ በላቲን ሳይቀር። ሰኔ 10 ቀን 1891 ጠበቃ ተባለ። በ11 ተመዘገበ። በ12 መርከብ ተሳፈረ። እንደዚያ ቸኩሎ ሲወጣ በልቡ ያለውን በኋላ ራሱ ተናግሮታል። ሕግ አንብቧል፤ ጥብቅና ግን አያውቅም። የክስ አቤቱታ እንኳን እንዴት እንደሚረቀቅ አልተማረም።

ይህ በቦምቤይ በአደባባይ ታየ።

የመጀመሪያ ጉዳዩ ትናንሽ ክሶችን በሚያይ ፍርድ ቤት የቀረበ ነበር። ለተከሳሿ ወገን ቆመ። የጥብቅና ዋጋው 30 ሩፒ። ለደላላ ኮሚሽን ክፈል ተብሎ እምቢ ያለበት ጉዳይ ነው። ነገሩ ከአንድ ቀን አያልፍም ነበር። ተራው ደረሰና የከሳሽን ምስክሮች መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቅ ተነሣ። ጉልበቱ ከዳው። ምድር ዞረችበት። ችሎቱ ሙሉ ሰው እያየው፣ ዳኛው እየጠበቀው፣ አንድ ጥያቄ እንኳን ጠፋበት። ተቀመጠ። ጉዳዩን ላመጣለት ወኪል «አልችልም፤ ሌላ ጠበቃ ያዙ፣ ገንዘባችሁን ውሰዱ» አለው። ሌላ ጠበቃ በ51 ሩፒ ተያዘ። ለዚያኛው ጉዳዩ ውሃ እንደመጠጣት ነበር። ጋንዲ ግን ደንበኛው ትርታ ትረታ ሳያውቅ ከችሎቱ ሹልክ ብሎ ወጣ። በቂ ድፍረት እስካገኝ ድረስ ጉዳይ አልይዝም ብሎም ወሰነ።

ከዚያ በአንድ ትምህርት ቤት በቀን ለአንድ ሰዓት እንግሊዝኛ ለማስተማር አመለከተ። ደመወዙ በወር 75 ሩፒ ነው። ዲግሪ የለህም ብለው መለሱት። ባሪስተር ሆኖ ለመምህርነት የማይበቃ ሰው አስቡት! ቤቱን ዘግቶ ወደ ራጅኮት ተመለሰ። እዚያ ማመልከቻና አቤቱታ መጻፍ ጀመረ፤ በወር በአማካይ 300 ሩፒ ያህል ያገኝ ነበር። አያሳፍርም፤ ሰው የሚያኖር ገቢ ነው። ግን ጉዳዩ የሚመጣው በወንድሙ ትውውቅ እንጂ በእሱ ችሎታ አልነበረም። ይህንንም ያውቀዋል።

በዚህ መሃል ነው ከፖርባንዳር ነጋዴዎች ደብዳቤ የመጣው። ዳዳ አብዱላ የሚባሉት ነጋዴ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ትልቅ ንግድ አላቸው። አንድ የ40,000 ፓውንድ ክስ መሥርተዋል። ምርጥ ጠበቆች ይዘዋል። የሚፈልጉት ለጠበቆቹ ጉዳዩን የሚያስረዳና የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነው። ጊዜው አንድ ዓመት። የመሄጃና የመመለሻ የአንደኛ ማዕረግ ትራንስፖርት፣ ምግብና መኝታ፣ በላዩ 105 ፓውንድ። ከተከራከሩበት ገንዘብ አንጻር ከሺህ ሦስት እጅ እንኳን አይሞላም። ጋንዲ አልተሞኘም። ይህ የጠበቃ ሥራ ሳይሆን የድርጅት ሠራተኛነት እንደሆነ ገብቶታል። ዋጋም አልተከራከረም። ከአገር መውጣት ፈልጎ ነበር።

ደርባን ሲደርስ ዳዳ አብዱላ ደስ አላላቸውም። አለባበሱ የአውሮፓዊ ነው፤ ወጪው የሚከብድ መሰላቸው። ለጊዜው የሚሰጡት ሥራም አልነበረም። በዚያ ላይ ተከሳሹ ያሉት ፕሪቶሪያ ነው። ልጁን ብቻውን ወደዚያ ብልከው ቢያባብሉትስ? የክሱን ሥራ ካላመኑት ደግሞ ሌላውን ሁሉ ጸሐፊዎቹ ከእሱ በተሻለ ይሠሩታል። ዳዳ አብዱላ ፊደል ብዙም ያልቆጠሩ፣ ልምድ ግን የጠገቡ ሰው ነበሩ። ሥጋታቸው ተራ የአሠሪ ሥጋት ነው። እኔ ብሆንም የምሰጋ ይመስለኛል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከፕሪቶሪያ ጠበቃቸው ደብዳቤ መጣ። ክሱ መዘጋጀት አለበት፤ ወይ ራስዎ ይምጡ ወይ ሰው ይላኩ። ጋንዲን «ትሄዳለህ?» አሉት። «መጀመሪያ ጉዳዩን ልረዳው» አለ። ጸሐፊዎቹ ሊያስረዱት ተቀመጡ። ይህ ዴቢት ተደርጓል፣ ያ ክሬዲት ተደርጓል (የሂሳብ መዝገብ ሁለቱ ዓምዶች ናቸው)። በተናገሩ ቁጥር ይበልጥ ይጨልምበታል። በመንገዱ ላይ ዛንዚባር መርከቡ ሲቆም ፍርድ ቤት ገብቶ አንድ ጠበቃ ምስክር ስለ ሂሳብ መዝገብ ሲጠይቅ አዳምጦ ነበር። ያኔም ምንም አልገባውም። የሂሳብ አያያዝ በትምህርት ቤትም በለንደንም አልተማረም። የተላከበት ክስ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሂሳብ ነው።

እዚህ ላይ ነው ያ የ«ፒ ኖት» ነገር የመጣው። ቀጥሎ ያደረገውን ልብ በሉ። የሕግ መጽሐፍ አልገለጠም። የሂሳብ አያያዝ መጽሐፍ ገዝቶ ማጥናት ጀመረ።

ከመነሳቱ በፊት ዳዳ አብዱላ ጉዳዩን እንዴት ልትይዘው አስበሃል ብለው ጠየቁት። ተከሳሹ ጣይብ ሼት የቅርብ ዘመድዎ ናቸውና ቢቻል ከፍርድ ቤት ውጪ ለማስታረቅ እሞክራለሁ አላቸው። አዛውንቱ ደነገጡ። ጣይብ በቀላሉ ለእርቅ እሺ የሚል ሰው አይደለም፤ አንተም ተጠንቀቅ አሉት። ከሳሽ ገና ያልተጀመረ ክርክር ላይ ጠበቃው እርቅ ሲያነሣ መደንገጡ የሚጠበቅ ነው።

የባቡሩን ሌሊት፣ ከዚያም በሠረገላው ላይ የደረሰበትን ድብደባ አልፎ ፕሪቶሪያ ገባ። የዳዳ አብዱላ ነገረ ፈጅ ሚስተር ቤከር ተቀበሉት። ወዲያውም ቁርጡን ነገሩት፦ ለአንተ የሚሆን የጥብቅና ሥራ እዚህ የለም፤ ምርጥ ጠበቆች ይዘናል። ጉዳዩ ረጅምና የተወሳሰበ ነው። ከደንበኛዬ መረጃ ስፈልግ በአንተ በኩል አገኛለሁ። (ቤከር ማለት ዳቦ ጋጋሪ ማለት ነው። ማደሪያ የፈለጉለትም አንዲት የዳቦ ጋጋሪ ሚስት ዘንድ ነው፤ በሳምንት 35 ሺሊንግ።)

ነገረ ፈጅ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የአማርኛው ቃል ሁለት ፊት አለው። ነገር የሚጨርስ ነው ብለን እናስባለን። ግን መፍጀት ማለት ጊዜ መውሰድም፣ ገንዘብ መብላትም ነው። በዚህ ክስ ሁለቱም ፊት ታይቷል።

ክሱ እንዲህ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ለዓመታት አብረው ነግደዋል። ዳዳ አብዱላ ከጠየቁት ከፊሉ በተስፋ ሰነዶች ላይ የቆመ ነው። ከፊሉ ደግሞ ሰነድ እንዲሰጣቸው በተገባላቸው ቃል ላይ፤ ማለትም ተከሳሹ ቃላቸውን እንዲፈጽሙ ይገደዱ የሚል። የተከሳሽ መልስ ሰነዶቹ በማጭበርበር የተወሰዱ ናቸው፣ በቂ ዋጋም አልተሰጠባቸውም ነው። የፍሬ ነገርም የሕግም ጭብጦች ሞልተውታል። ሁለቱም ወገን ገንዘብ አልሰሰተም፤ የአገሩን ምርጥ ጠበቆች አሰልፏል።

ሥራ የለህም የተባለው ልጅ ቀስ በቀስ መሃል ገባ። ደብዳቤዎቹ አብዛኞቹ በጉጃራቲ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ ቤከር አያነቡትም፣ ጠበቆቹም አያነቡትም። የሚተረጉመው እሱ ነው። የንግድ ልውውጡን ወረቀት አንድ በአንድ አነበበ። ለነገረ ፈጁ የከሳሽን ጉዳይ ማዘጋጀትና ፍሬ ነገሩን ማበጠር ለእሱ ተተወ። ያዘጋጀውን ሲያስረክብ ነገረ ፈጁ ምን ያህሉን ይቀበላል፣ ምን ያህሉን ይጥላል? ነገረ ፈጁ ካዘጋጀውስ ችሎት የሚቆመው ጠበቃ የቱን ይጠቀምበታል? ጎን ቁጭ ብሎ አየ። ለንደን በሦስት ዓመት እራት ያላስተማረችው ይህንን ነው። አዲስ ጠበቃ በአንጋፋ ጠበቃ ቢሮ የሚቀስመውን እሱ ፕሪቶሪያ በሌላ ሰው ክስ ላይ ቀሰመ። ጥብቅና እንደማያቅተው ያመነውም ያኔ ነው።

ለንደን ሳለ አንድ እንግሊዛዊ «ፍሬ ነገር የሕግ ሦስት አራተኛ ነው» ብለውት ነበር። ያኔ ምክር ብቻ ነበረች። እዚህ ገባችው። ቦምቤይ ላይ ጥያቄ የጠፋው ፍርሃት ስለያዘው ብቻ አይመስለኝም። የሚጠይቀው ነገር እጁ ላይ ስላልነበረ ነው። ፍሬ ነገሩን እንደ እጁ መዳፍ ለሚያውቅ ጠበቃ ጥያቄ አይጠፋውም። ድምፁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ጥያቄው ግን አለ።

ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ሁለት ነገር አየ። አንደኛ፣ የዳዳ አብዱላ ጉዳይ ጠንካራ ነው፤ ሕጉም ከእሳቸው ጋር ይቆማል። ሁለተኛ፣ ክርክሩ ከቀጠለ ሁለቱም ይጠፋሉ። ከሳሽና ተከሳሽ ዘመዳሞች ናቸው፤ የአንድ ከተማ ልጆች። ክሱ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። ሁለቱም ሌላ ሥራ መሥራት አቁመዋል፤ የጠበቃው ሂሳብ ደግሞ ይቆጥራል።

የወጪው ነገር ዛሬም ብዙ ባለጉዳይ የማይገባው ነው። ሰው «ከረታሁ ወጪና ኪሳራዬን ይከፍለኛል» ብሎ ይገባል። እውነት ነው፣ ይቆረጥለታል። የሚቆረጠው ግን በተወሰነ ታሪፍ ነው። ለጠበቃው በእርግጥ የከፈለው ከታሪፉ በብዙ ይበልጣል። ልዩነቱን የረታው ራሱ ከኪሱ ይሸፍናል። ጋንዲ ይህን ታሪፍ ሲያይ ነው የተንገሸገሸው። ረትቶም መክሰር አለ።

ስለዚህ ጣይብ ሼት ዘንድ ሄደ። የሁለታችሁም እምነት ያለው ሰው ቢገኝ ጉዳዩ ቶሎ ያልቅ ነበር አላቸው። ሽምግልና ብቻ አልነበረም የጠየቀው። የግልግል ዳኝነት ነው፤ ማስረጃ የሚሰማ፣ ክርክር የሚያዳምጥ፣ የወሰነው የሚያስር። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በሽምግልና ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይለቃሉ። በግልግል ግን አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ይሸነፋል። ብዙ ለፍቶ ጣይብ ሼትን አሳመነ። የግልግል ዳኛ ተሾመ። ጉዳዩ በፊቱ ተከራክሮ ዳዳ አብዱላ ረቱ። 37,000 ፓውንድ፣ በላዩ ወጪና ኪሳራ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለእኔ ከባዱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

37,000 ፓውንድ በአንድ ጊዜ የሚከፈል አልነበረም። ጣይብ ሼት አቅሙ የላቸውም። በደቡብ አፍሪካ የነበሩ የፖርባንዳር ሜመን (የሙስሊም ነጋዴዎች ማኅበረሰብ) ነጋዴዎች ዘንድ ደግሞ ከመክሰር ሞት ይሻላል የሚል ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ጣይብ ሼት ከዋናው አንዲት ሳንቲም መቀነስ አልፈለጉም። ከስሬያለሁ ማለትንም አልፈለጉም። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ዳዳ አብዱላ በረጅም ጊዜ፣ በትንሽ በትንሽ እንዲከፈላቸው እሺ ማለት።

አሁን የጠበቃውን ቦታ አስቡት። ደመወዙን የሚከፍሉት ዳዳ አብዱላ ናቸው። ፍርዱ በእጃቸው ነው። የራሳቸው ሰው መጥቶ «ይጠብቁ» ይላቸዋል። የግልግል ዳኝነቱን ከማስማማት ይልቅ ይህን እሺ ማሰኘት እንደከበደው ጋንዲ ራሱ ጽፏል። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ትንሽ ይቆረቁረኛል። ጠበቃ የደንበኛውን ጥቅም ነው የሚጠብቀው። ተከሳሽ እንዳይሞት ብሎ ደንበኛውን መጫን ከየትኛው ወገን ያስቆመዋል? ግን ሌላውን ጎን ስመለከት የከሰረ ባለዕዳ 37,000 ፓውንድ አይከፍልም። አፈጻጸም የከፈተ ጠበቃ ሁሉ ይህን ያውቃል። ፍርድ በእጅ፣ ገንዘብ በሰማይ። በረጅም ጊዜ የሚከፍል ተከሳሽ ቆሞ ከሚታይ ክስረት ይሻላል። የቆረቆረኝ ነገር በዚህ ስሌት ረገብ ይላል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ታሪኩን የነገረን ራሱ ጠበቃው መሆኑንም አልረሳም፤ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ የጻፈው ነው። ዳዳ አብዱላ ቢጽፉት ምናልባት የእሺታቸው ቦታ ላይ ሌላ ቃል እናነብ ነበር።

ያም ሆነ ይህ ሁለቱም ነጋዴዎች በአከፋፈሉ ተስማሙ፤ በሕዝባቸውም ዘንድ ክብራቸው ከፍ አለ። ጋንዲ ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመት ገደማ ጥብቅና ሠራ። ከሥራ ጊዜው ብዙውን የጨረሰው በመቶ የሚቆጠሩ ጉዳዮችን ከፍርድ ቤት ውጪ በማስማማት ነው። በዚህም ገንዘብ እንኳን አልጎደለብኝም ብሏል።

አንድ ዓመቱ አልቆ ሊመለስ ሲል ደርባን ባለችበት በናታል ግዛት የሕንዶችን የመምረጥ መብት የሚነጥቅ ረቂቅ ሕግ መጣና ቀረ። በ1894 በናታል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቃ ሆኖ ለመመዝገብ አመለከተ። የጠበቆች ማኅበሩ ተቃወመ፤ ደንቡ ሲወጣ ነጭ ያልሆነ ሰው ያመለክታል ተብሎ አልታሰበም አሉ። ፍርድ ቤቱ ተቃውሞውን ጣለው። ሃያ ያህል ነጋዴዎች የአንድ ዓመት የጥብቅና ክፍያ ሰጡት። ዳዳ አብዱላ ለስንብት ሊሰጡት ባሰቡት ገንዘብ የቤት ዕቃ ገዙለት። ያ የተጠራጠሩት ልጅ።

ከዓመታት በኋላ ሌላ የሂሳብ ክስ ያዘ። ረዳት ጠበቃ ነበር። ጉዳዩ ሂሳብ አዋቂ ለሆኑ የግልግል ዳኞች ተመርቶ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ ለደንበኛው ወጣ። ችግሩ ውሳኔው ውስጥ ስህተት ነበረች። ዴቢት ላይ መስፈር የነበረበት አንድ ቁጥር ክሬዲት ላይ ሰፍሯል። ተቃራኒው ወገን ውሳኔው ይሻር የሚለው በሌላ ምክንያት ነው፤ ይህችን አላያትም። ዋናው ጠበቃ «ዝም እንበል፣ ካመንን ውሳኔው በሙሉ ሊሰረዝ ይችላል» አለ። ጋንዲ አልተስማማም። ፍርድ ቤቱ ወይም ተቃራኒዎቹ ራሳቸው እንደማይደርሱበት ማን ዋስ ነው? ዋናው ጠበቃ እንዲህ ከሆነ አልከራከርም አለ። ደንበኛው ጥቂት አመነታና ለጋንዲ «አንተው ተከራከር፣ ስህተቱን እመን፤ ከተሸነፍንም እንሸነፍ» አለው።

ቆመ። እየተንቀጠቀጠ። ስህተቱን ገና ሲጠቅስ አንዱ ዳኛ «ይህ ማጭበርበር አይደለም እንዴ፣ ሚስተር ጋንዲ?» አሉት። ደሙ ፈላ። ግን ረጋ ብሎ ሳይሰሙኝ መጠርጠርዎ ገርሞኛል አላቸው። ከዚያ ቁጥሩን አስረዳ። ከየት ወደ የት፣ ለምን። ዳኞቹ ወደ ተቃራኒው ጠበቃ ዞሩ፤ ከዚህች ስህተት በቀር የምታሳየን ነገር አለ? የሚያሳየው አልነበረውም። ለአንድ ግልጽ ስህተት ብለን ባለጉዳዮቹን አዲስ ክርክርና አዲስ ወጪ ውስጥ አንከትም አሉ፤ ተቃውሞው ወደቀ።

ፍርድ ቤቱ ስህተቱን ራሱ አርሞ ውሳኔውን ያጽና፣ ወይስ የግልግል ዳኞቹ እንዲያርሙት ይዘዝ፣ ጋንዲ በኋላ ሲጽፈው ረስቶታል። ቁጥሩ ከየትኛው ዓምድ ወደ የትኛው መዛወር እንደነበረበት ግን አልረሳም።